የበሽታ ዝምድና፦ ከናጋድ እስከ ለቡ

ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ ናጋድ ካለው ጣቢያ የሚነሳው ባቡር በአሊ ሳቢህ አልፎ፣ ደወሌ ላይ ድንበር ተሻግሮ፣ ድሬዳዋንና አዳማን እየነካ አዲስ አበባ ጫፍ ለቡ ይደርሳል። መስመሩ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በጅቡቲ በኩል ያለው ክፍል የተመረቀው በጥር 2017 እዚያው ናጋድ ላይ ነበር (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከእሱ በፊት ፈረንሳዮች የሠሩት የድሮው ባቡር ነበር፤ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው። ከመቶ ዓመት በላይ ሰው በዚህ መንገድ ሲመላለስ፣ ሲነግድ፣ ሲጋባና ሲዋለድ ኖሯል። አባት በወደብ ሥራ ጅቡቲ ቀርቶ፣ ልጆች ድሬዳዋ አድገው፣ የልጅ ልጆች አዲስ አበባ የገቡበት ቤተሰብ በዚህ መስመር ላይ ብርቅ አይደለም። ኢሳዎች ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም አንድ ሕዝብ ናቸው፤ አፋሮች ደግሞ በሦስት አገር ይኖራሉ።

ዘመድ ድንበር ይሻገራል፤ የሕክምና ካርድ ግን አይሻገርም። ጅቡቲ የታከመ ሰው ካርዱ ጅቡቲ ይቀራል፣ አዲስ አበባ የታከመው አዲስ አበባ። ለወባ ወይም ለስብራት ይህ ብዙ አይጎዳም። በአንጎል ላይ ለሚደርሱት፣ ቀስ በቀስ ነርቭን እየበሉ ለሚሄዱት በሽታዎች ግን ይጎዳል። ምክንያቱም የእነዚህ በሽታዎች ምሥጢር ብዙ ጊዜ የሚገኘው በአንድ ሰው ካርድ ላይ ሳይሆን የዘመዳሞች ካርድ ጎን ለጎን ሲነበብ ነው።

እንዲህ ያለ ቤተሰብ እናስብ። ሰዎቹ ለማስረዳት የተፈጠሩ ናቸው፤ ሕመሞቹ ግን በእውነት ያሉ ናቸው። ናጋድ አካባቢ የሚኖሩት አያት ስድሳ ዓመት ሳይሞላቸው ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እርምጃቸው አጠረ፣ ፊታቸው ስሜት አልባ ሆነ። ድሬዳዋ ያሉት እህታቸው እጃቸው አይንቀጠቀጥም፤ ማታ ማታ ግን ቤት ውስጥ የሌሉ ሕፃናትን ያያሉ። አንድ ቀን እንደ ድሮው ይጫወታሉ፣ በማግስቱ የገዛ ልጃቸው ስም ይጠፋቸዋል። አዲስ አበባ ያለው የወንድማቸው የልጅ ልጅ ደግሞ ገና ሰባት ዓመቱ ነው። ሆዱ ተነፍቷል፣ ጣፊያው አብጧል፣ ደም ያንሰዋል፣ ትንሽ ሲጋጭ ሰውነቱ ይበልዛል።

ለአያት “ነርቭ ነው” ተባለ። እህታቸውን ጎረቤት “ጃጁ” አለ፣ አንዳንዱም ጂን ነው ብሎ ወደ ሌላ መፍትሔ ላካቸው። ልጁ ለወባና ለካላዛር ተመርምሮ ነፃ ሆነ፤ በእኛ አካባቢ ጣፊያ ሲያብጥ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት እነሱ ናቸውና ሐኪሙ አልተሳሳተም። ሦስት ከተማ፣ ሦስት ካርድ፣ ሦስት የተለያየ ስም። ሦስቱም ግን ከአንድ ዘረመል ሊመነጩ ይችላሉ።

ዘረመሉ ጂቢኤ-1 ይባላል። ሥራው ግሉኮሴሬብሮሲዴዝ የተባለውን ኤንዛይም ማሠራት ነው። ይህ ኤንዛይም የሚሠራው ላይሶዞም በሚባለው የሴል ክፍል ውስጥ ነው፤ ሴሉ ያረጀውንና የተረፈውን ነገር ሰባብሮ የሚያስወግድበት ክፍል። እያንዳንዳችን የዚህ ዘረመል ሁለት ቅጂ አለን፤ አንዱን ከአባት፣ አንዱን ከእናት። ሁለቱም ቅጂዎች ከተበላሹ ሊሰባበር የሚገባው ቅባት በጣፊያ፣ በጉበትና በአጥንት መቅኔ ውስጥ ይጠራቀማል። ይህ ጎሼ የሚባለው በሽታ ነው፤ በ1882 ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈበትን የፈረንሳዊውን ሐኪም የፊሊፕ ጎሼን ስም ይዞ ቀርቷል። የምናስበው ልጅ ያለበት ይህ ነው።

አንድ ቅጂ ብቻ የተበላሸበት ሰውስ? ለረጅም ጊዜ መልሱ “ምንም አይሆንም፣ ተሸካሚ ነው” የሚል ነበር። ይህን መልስ መጀመሪያ የለወጡት የጎሼ ሕሙማንን የሚያክሙ ሐኪሞች ናቸው። ከሕሙማኑ አንዳንዶቹ ሲያረጁ ፓርኪንሰን ያዛቸው። ከዚያም የልጁን ጣፊያ ሊያሳዩ የመጡ ቤተሰቦች ሲጠየቁ፣ “አባቴ ይንቀጠቀጥ ነበር”፣ “አጎቴም እንደዚሁ” ማለት በዛ። በ2009 ኤለን ሲድራንስኪ የመራችው ጥናት የ16 ማዕከላትን መረጃ አንድ ላይ አድርጎ ከ5,600 በላይ የፓርኪንሰን ሕሙማንን መረመረ። የጂቢኤ-1 ለውጥ በሕሙማኑ ላይ የመገኘት ዕድሉ ከጤነኞቹ ከአምስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። በ2013 ተመሳሳይ ጥናት ሌዊ ቦዲ በሚባለው የመርሳት በሽታ ላይ ሲደረግ ቁጥሩ ስምንት እጥፍ ደረሰ። የድሬዳዋዋ እህት የሌሉ ሕፃናትን ማየታቸው፣ አንድ ቀን ደህና ሆነው በማግስቱ መዛባታቸው የዚህ በሽታ ዋና ምልክት ነው።

ግንኙነቱ እንዲህ ነው። ላይሶዞሙ ሲደክም አልፋ-ሲኑክሊን የተባለ ፕሮቲን በነርቭ ሴሎች ውስጥ ይከማቻል፤ ሲከማች ደግሞ መልሶ ላይሶዞሙን ያዳክመዋል። ክምችቱ እንቅስቃሴን በሚመራው የአንጎል ክፍል ከበረታ ሐኪሙ ፓርኪንሰን ይለዋል። ማየትንና ማሰብን በሚመራው የአንጎል ገጽ ላይ ቀድሞ ከበረታ ሌዊ ቦዲ ይባላል። ስሙን የሚወስነው ጉዳቱ የጀመረበት ቦታ ነው። አልፋ-ሲኑክሊንን የሚያሠራው ዘረመል ራሱ በዝቶ የተገኘበት አንድ የአሜሪካ ቤተሰብ በ2003 ተጠንቶ፣ ከዘመዳሞቹ ገሚሱ በፓርኪንሰን፣ ገሚሱ በመርሳት በሽታ መያዛቸው ታይቷል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። አንድ የተበላሸ ቅጂ የተሸከመ ሰው ሁሉ አይታመምም፤ እንዲያውም አብዛኛው ዕድሜውን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ዘረመል ዕጣ አይደለም፤ ዕድልን ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርግ ነው። ይህን የምለው በእኛ ዘንድ “በዘር ነው” የሚለው ቃል ሴት ልጅን ባል የሚያሳጣ፣ ወንድ ልጅን የሚያስንቅ ስለሆነ ነው። በዚህም ምክንያት ስንት ቤተሰብ በሽተኛውን ጓዳ ደብቆ ኖሯል። ለሐኪም የማይነገረውም፣ ልጆች የማያውቁትም፣ ዘመዳሞቹ የማይገናኙትም በዚህ ፍርሃት ነው።

አሁን ወደ አፍሪካ እንምጣ። እስከ ቅርብ ጊዜ ስለ ፓርኪንሰን ዘረመል የተጻፈው ሁሉ ማለት ይቻላል የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ የተመሠረተ ነበር። በ2023 ሚ ሪዚግ፣ የሌጎሷ ነርቭ ሐኪም ንጂዴካ ኦኩባዴጆና ባልደረቦቻቸው በናይጄሪያና በአሜሪካ የሚኖሩ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸውን ወደ 198,000 የሚጠጉ ሰዎች መረጃ መረመሩ፤ ከእነዚህ 1,488ቱ የፓርኪንሰን ሕሙማን ነበሩ። የተገኘው በዚያው በጂቢኤ-1 ውስጥ፣ ነገር ግን በአውሮፓውያን ላይ እጅግ ብርቅ የሆነ ለውጥ ነው። አንድ ቅጂ የያዘ ሰው የመታመም ዕድሉ ወደ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ሁለት ቅጂ የያዘ ሦስት ተኩል እጥፍ ይሆናል። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ጥናት የአሠራሩን ምሥጢር ገለጸው፤ ለውጡ ኤንዛይሙን ራሱን አያበላሽም፤ የዘረመሉ መልእክት ተቆራርጦ በሚሰፋበት ደረጃ ላይ እየገባ የሚመረተውን ኤንዛይም መጠን ይቀንሳል። ለአውሮፓውያን የተዘጋጀ ምርመራ ይህን አያገኘውም፤ የሚፈልገው ሌላ ቦታ ነውና።

ይህ ግኝት ለእኔ ከሁሉ በላይ የሚያነሳው የፍትሕ ጥያቄ ነው። አንድን አህጉር ሳይመረምሩ ስለ ሰው ልጅ ዘረመል መናገር ገና ሳይጀምሩ መጨረስ ነው። አፍሪካውያን ከሌላው ዓለም ሁሉ የበለጠ የዘረመል ልዩነት የያዝን ሕዝቦች ነን። ሰው ከምሥራቅ አፍሪካ ሲወጣ ይዞት የሄደው የዚህን ሀብት ጥቂት ክፍል ብቻ ነበር፤ ከወጣባቸው በሮች አንዱ ይሆናል የሚባለው ባብ ኤል መንደብም ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ የሚታይ ነው።

ዝምድናው በፓርኪንሰን አይቆምም። ኤ ኤል ኤስ የሚባለው በሽታ ጡንቻን የሚያዙትን ነርቮች ይገድላል። እጅ ይሰንፋል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ በመጨረሻ መተንፈስ ይቸግራል፤ አእምሮ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይቆያል። የፊት አንጎል የመርሳት በሽታ ደግሞ በተቃራኒው ሰውነቱን ትቶ ጠባይን ይለውጣል፤ ጨዋ የነበረ ሰው ይሳደባል፣ ቁጥብ የነበረ ገንዘቡን ይበትናል። ሁለቱን በሽታዎች የሚያክሙት ሐኪሞች የተለያዩ ነበሩ፤ የሚታተሙበት መጽሔትም፣ የሚሰበሰቡበት ጉባኤም የተለያየ። በ2006 ማኑኤላ ኖይማንና ባልደረቦቿ በሁለቱም ሕሙማን አንጎል ውስጥ የሚከማቸው ፕሮቲን አንድ መሆኑን አሳዩ፤ ቲዲፒ-43 ይባላል። በ2011 ደግሞ በሮዛ ራዴማከርስና በብራያን ትሬይነር የተመሩ ሁለት ቡድኖች በአንድ ጊዜ ለሁለቱም በሽታዎች የጋራ ከሆኑት መንስኤዎች አንዱን አገኙ። ሲ9ኦርፍ72 በሚባለው ዘረመል ውስጥ ስድስት ፊደል ያለው አጭር ቃል አለ። በጤነኛ ሰው ይህ ቃል ጥቂት ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከአሥር በታች ይደጋገማል። ለውጡ ባለባቸው ሕሙማን ግን መርፌው አንድ ቦታ እንደያዘው የዘፈን ሸክላ ያንኑ ቃል በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ጊዜ ይደጋግመዋል። በአንድ ቤት አባት በኤ ኤል ኤስ ሲሞት፣ ልጅ በጠባይ መለወጥ ስትታመም፣ ሌላውን ወንድም ሁለቱም ሲይዙት የሚታየው በዚህ ነው። ለውጡ በሰሜን አውሮፓ፣ በተለይ በፊንላንድ፣ በጣም የተለመደ ሲሆን በአፍሪካና በእስያ ግን ብርቅ ነው።

ከዚህም የሚያስደንቅ አለ። በአታክሲን-2 ዘረመል ውስጥ ሦስት ፊደል ያለው ቃል በአብዛኛው ሰው 22 ጊዜ ይደጋገማል። ድግግሞሹ ከ34 ሲያልፍ ሚዛንን የሚያሳጣ፣ ሰውን እንደ ሰካራም የሚያንገዳግድ የአንጎል በሽታ ይመጣል። በ2010 እንደታወቀው፣ በመካከል፣ ከ27 እስከ 33 ከሆነ ግን ሰውየው አይንገዳገድም፤ የኤ ኤል ኤስ ዕድሉ ከፍ ይላል። ጥያቄው ዘረመሉ ተበላሸ ወይ ሳይሆን ስንት ጊዜ ደገመ ነው። በፕሪዮን ዘረመል ደግሞ በ178ኛው ቦታ ላይ ያለ አንድ ለውጥ ሁለት የተለያዩ ገዳይ በሽታዎችን ያመጣል። የትኛው እንደሚመጣ የሚወስነው በዚያው ቅጂ 129ኛው ቦታ ላይ የተቀመጠው አሚኖ አሲድ ነው፤ ሜታዮኒን ከሆነ ሰውየው እንቅልፍ ጨርሶ ይነሳዋል፣ ቫሊን ከሆነ በፍጥነት የሚገድል የመርሳት በሽታ ይይዘዋል።

እዚህ ላይ ግን ልጓም ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ የሰማ አንባቢ “እንግዲያው የአንጎል በሽታ ሁሉ አንድ ነው” ቢል ስሕተት ነው። በ2018 ከ265,000 በላይ ሕሙማንን ያካተተ ጥናት 25 የአንጎል በሽታዎችን አነጻጽሮ የአእምሮ ሕመሞች በዘረመል በሰፊው እንደሚዛመዱ፣ የነርቭ በሽታዎች ግን በአብዛኛው የየራሳቸው መሠረት እንዳላቸው አሳይቷል። ዝምድናው የሚገኘው በተወሰኑ ዘረመሎች ላይ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ግን ጠንካራ ነው። በ2021 የታተመ የሌዊ ቦዲ ጥናት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከተገኙት አምስት ዘረመሎች ሁለቱ፣ አፖ-ኢና ቢን-1፣ ከአልዛይመር የታወቁ ሲሆኑ፣ ሦስቱ፣ ጂቢኤ-1ን ጨምሮ፣ ከፓርኪንሰን የታወቁ ነበሩ። ሌዊ ቦዲ በሁለቱ መካከል የተወለደ በሽታ መሆኑን ሐኪሞች በምልክቱ ይጠረጥሩ ነበር፤ ዘረመሉ አረጋገጠላቸው።

አፖ-ኢ ራሱ ስለ አፍሪካ የሚያስተምረው አለው። ኢ-4 የሚባለው ዓይነቱ በአውሮፓውያን ላይ የአልዛይመርን ዕድል በብዙ እጥፍ እንደሚጨምር ከ1993 ጀምሮ ይታወቃል። በናይጄሪያዋ ኢባዳን ከሚኖሩ ዮሩባዎች ጋር በተደረገው ረጅም ጥናት ግን ያ ኃይሉ እጅግ ደካማ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ጥናት የመርሳት በሽታ በየዓመቱ አዲስ የሚይዛቸው አረጋውያን በኢባዳን 1.35 በመቶ፣ በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ በሚኖሩ ጥቁሮች ግን 3.24 በመቶ ነበሩ። አንድ ዘረመል በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይሠራም። በዙሪያው ያሉት ሌሎች ዘረመሎች፣ ምግቡ፣ የደም ግፊቱ፣ የኑሮው ሁኔታ ይለውጡታል። ስለዚህ ከሌላ አገር የመጣ የአደጋ ቁጥር ለእኛ አያቶች እንዳለ ሊነገራቸው አይገባም።

ወደ ራሳችን ምድር ስንመለስ የጥናቱ መሠረት ቀጭን ይሁን እንጂ አለ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ከ1986 እስከ 1988 በቡታጅራ አካባቢ፣ በመስቃንና ማረቆ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ 60,820 ሰዎችን መረመሩ። ፓርኪንሰን የተገኘው ከ100,000 ሰው በ7 ብቻ ነበር፤ በተመረመሩት ቁጥር ሲሰላ አራት ሰው ገደማ። በዚያን ጊዜ የነበረው ሕዝብ ወጣት ነበር፤ በሽታው የሚይዘው ሽማግሌ ጥቂት ነበር። አሁን ዕድሜ ረዝሟል፤ የሚንቀጠቀጡ እጆችም በዝተዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ2006 ነው። ዛሬ ኢትዮጵያ በሰባት የአፍሪካ አገራት በሚካሄደው የፓርኪንሰን ሕክምናና ጥናት ፕሮጀክት ውስጥ አለች፤ የአፍሪካውያንን የአልዛይመር ዘረመል በሚሰበስበው ጥምረትም ውስጥ ተካታለች። ለእነዚህ ጥናቶች የደም ናሙና የሚሰጡት አብዛኞቹ ግን ሆስፒታል የደረሱት ናቸው። በደረቁ ቆላ ከብት የሚያግዱት የኢሳና የአፋር ሽማግሌዎች ገና አልተነኩም።

እነዚህ ሕዝቦች ግን ለዘረመል ተመራማሪ ከላቦራቶሪ የማያንስ ሀብት አላቸው፤ የትውልድ ሐረጋቸውን በቃል ይዘዋል። የሶማሌ ልጅ አባቶቹን እስከ ሩቅ ቅድመ አያት መቁጠር ገና በሕፃንነቱ ይማራል። አማራው ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጥራል። አፋር ደግሞ በአብሱማ ልማድ የአክስት ልጅ ያጫል፤ ማን ለማን እንደሚገባ በጥብቅ ይታወቃል። የቅርብ ዘመድ ጋብቻ በሽታ አይፈጥርም፤ ከአንድ ቅድመ አያት የወረደ የተበላሸ ቅጂ በሁለቱም ወገን ተገናኝቶ በአንድ ልጅ ላይ የመደረብ ዕድሉን ግን ይጨምራል። በ1998 በጃፓን ቤተሰቦች የተገኘው ፓርኪን የሚባለው ዘረመል እንዲህ ሁለት ቅጂው ሲበላሽ ሰውን በሃያና በሠላሳ ዓመቱ ፓርኪንሰን ይይዘዋል። በሠላሳ ዓመቱ እጁ የሚንቀጠቀጥ ወጣት ወላጆቹ ዘመዳሞች ከሆኑ፣ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ነው። ጥያቄው ግን በአክብሮት መቅረብ አለበት፤ ልማዱን እንደ ጥፋት እየቆጠሩ የሚጠይቁት ሰው እውነቱን አይናገርም።

ሕክምናውስ? ለአብዛኞቹ ዘረመሉን የሚያስተካክል መድኃኒት ገና የለም። ኤስኦዲ-1 በሚባለው ዘረመል ለሚመጣው ኤ ኤል ኤስ በሚያዝያ 2023 ቶፈርሰን የተባለ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ የሚሰጠው በአከርካሪ በኩል ሲሆን ዋጋውም ለእኛ ሰማይ ነው። የጂቢኤ-1 ተስፋ ግን የተገኘው ከተራ የመድኃኒት መደብር ነው። አምብሮክሶል የሚባለው፣ ሰው ለሳልና ለአክታ የሚወስደው መድኃኒት፣ ያንን የደከመ ኤንዛይም ተሸክሞ ወደ ላይሶዞም የማድረስ ጠባይ አለው። በ2020 በለንደን በ17 የፓርኪንሰን ሕሙማን ላይ የተደረገው ሙከራ መድኃኒቱ ወደ አንጎል እንደሚደርስ አሳየ። መጠኑ ለሳል ከሚሰጠው ከአሥር እጥፍ በላይ ነበር፤ ስለዚህ ማንም ሽሮፕ ገዝቶ በራሱ እንዳይጀምር። አሁን በብሪታንያ በተጀመረው ትልቁ ሙከራ የጂቢኤ-1 ለውጥ ያለባቸውም የሌለባቸውም ሕሙማን አብረው ተካተዋል። በካናዳ ደግሞ ይኸው መድኃኒት የፓርኪንሰን የመርሳት ችግር ባለባቸው ሰዎች ላይ ተሞክሯል። የጣፊያ በሽታ፣ የመንቀጥቀጥ በሽታና የመርሳት በሽታ በአንድ የሳል መድኃኒት ዙሪያ ተሰብስበዋል።

እስከዚያው በቤተሰብ ደረጃ የሚሠራ ሥራ አለ፤ ወረቀትና ስልክ ብቻ ይበቃዋል። ወደ ነርቭ ሐኪም ከመሄድ በፊት በዕድሜ የገፉትን ዘመዶች ጠይቆ መጻፍ፦ ማን ተንቀጠቀጠ፣ ማን ረሳ፣ ማን ጠባዩ ተለወጠ፣ የማን ምላስ ተሳሰረ፣ የትኛው ልጅ ሆዱ ተነፍቶ ሞተ፣ ስንት ዓመታቸው ነበር፣ ከየትኛው ወገን ናቸው። ድሬዳዋ ያለችውን አክስት፣ ጅቡቲ የቀረውን አጎት መዝለል አይገባም። ሐኪሙ ስለ አባትዎ እጅ ብቻ ቢጠይቅም፣ ስለ አክስትዎ የሌሊት ራእይና ስለ ትንሹ ልጅ ጣፊያም ይንገሩት።